የጨው ውሃ ገንዳ ገበያ፦ አልጌን በመድኃኒት ሳይሆን በሂሳብ

በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የባሕር ዓሣና ሕያው ኮራል በሳሎን ገንዳ ማኖር ደህና አቅም የሚጠይቅ መዝናኛ ነው። መስታወቱ፣ ፓምፑ፣ መብራቱ፣ ጨውና ዓሣው ሲደመሩ ሂሳቡ ከ1000 ዶላር ማለፉ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ገንዘብ ካወጡት መካከል ብዙዎቹ ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆዩ ገንዳቸው አረንጓዴ ጸጉር በመሰለ ነገር ተሸፍኖ ያገኙታል። በትምህርት ቤት መጻሕፍት «ዋቅላሚ»፣ በገበያው ዘንድ ደግሞ «አልጌ» የሚባለው ይህ ፍጡር ድንጋዩን ያለብሳል፤ ኮራሉን ያፍናል፤ መስታወቱን ያደበዝዛል። ባለቤቱም ወይ ዓሣና ዕቃውን በግማሽ ዋጋ ሸጦ ከነገሩ ይወጣል፣ ወይ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለውን የአልጌ ማጥፊያ ጠርሙስ በየተራ ሲገዛ ይከርማል። ያን ጊዜ ገንዘቡን በእርግጥም ውሃ በላው ማለት ይቻላል።

በሙያው የቆዩ ሰዎች የሚመክሩት ከዚህ የተለየ ነው። አልጌ በሽታ ሳይሆን ደረሰኝ ነው። ወደ ገንዳው ምን ያህል እንደገባና ምን ያህሉ ሳይወጣ እንደቀረ በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈ ደረሰኝ ነው። ደረሰኙን መቅደድ ዕዳውን እንደማይሰርዘው ሁሉ አልጌውን ፍቆ መጣል ወይም በመድኃኒት መግደል ብቻውን የትም አያደርስም። ገቢና ወጪውን የሚያመዛዝን ባለገንዳ ግን በቀላል ወጪ ያሸንፋል።

በየቀኑ የሚዘራ ማዳበሪያ

አልጌ ለማደግ ብርሃን፣ ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በዋናነት ያስፈልጉታል። ካርቦን ከአየር ወደ ውሃው ስለሚገባ የሚያግደው የለም። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን ገበሬው ዳፕ ብሎ በኩንታል የሚገዛው ማዳበሪያ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ባለገንዳው ሳያውቀው በየቀኑ ዳፕ ይዘራል። ለዓሣው የሚበተነው ምግብ ይበላም አይበላም መጨረሻው አንድ ነው። የተረፈው ይበሰብሳል፤ የተበላው በዓሣው ኩስ መልክ ይመለሳል። ከዚህ የሚወጣውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ፎስፌቱም በውሃው ውስጥ ይከማቻል።

አልፍሬድ ሬድፊልድ የተባሉት አሜሪካዊ ሳይንቲስት እንዳሳዩት በውቅያኖስ ውስጥ የሚንሳፈፉት ጥቃቅን ፍጥረታት 106 እጅ ካርቦን፣ 16 እጅ ናይትሮጅንና 1 እጅ ፎስፈረስ በሆነ መጠን የተገነቡ ናቸው። በድንጋይ ላይ በሚበቅሉት አልጌዎች ዘንድ የካርቦኑ ድርሻ ከዚህም ይበልጣል። ነገሩን በነጋዴ ቋንቋ ለማስቀመጥ፣ ፎስፈረስ በጥቂት መያዣ ብዙ ብድር የሚያስገኝ ንብረት ነው። እፍኝ የማይሞላ ፎስፌት ሙሉ ድንጋይ የሚሸፍን አልጌ ያበቅላል። በተፈጥሮ የኮራል ባሕር ውስጥ በ1 ሊትር ውሃ ያለው ፎስፌት በአብዛኛው ከ0.05 ሚሊግራም በታች የሚሆነው፣ ናይትሬቱም ከ1 ሚሊግራም የማይደርሰው በዚህ የተነሳ ጭምር አልጌው እንዳሻው እንዳይስፋፋ ነው የሚያሰኝ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጠባ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። ዓሣው በ2 ደቂቃ ውስጥ ጨርሶ የሚበላውን ያህል ብቻ መስጠት፣ በረዶ የሆነውን ምግብ አቅልጦ ውሃውን ደፍቶ ማቅረብ፣ ለገንዳው የሚበዙ ዓሦችን አለመግዛት። መብራቱንም ቀኑን ሙሉ ከማብራት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መወሰን ለአልጌው የሚሰጠውን የሥራ ሰዓት ያሳጥራል።

ከቧንቧ የሚመጣ ዕዳ

ሁለተኛው የገቢ በር ብዙዎች የማይጠረጥሩት ነው። ለመጠጥ ንጹሕ የሆነ የቧንቧ ውሃ ለኮራል ገንዳ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። የአሜሪካ ሕግ በ1 ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ በናይትሮጅን መጠን ሲለካ እስከ 10 ሚሊግራም ናይትሬት ይፈቅዳል። ይህም በናይትሬት ክብደት ሲታሰብ ወደ 44 ሚሊግራም ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ጣሪያ 50 ሚሊግራም ነው። ከዚህም ሌላ በብሪታንያና በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የውሃ አቅራቢዎች በአሮጌ ቧንቧ ውስጥ ያለው እርሳስ እንዳይሟሟ ሲሉ ሆን ብለው ፎስፌት ይጨምራሉ። ለሰው ጤና ታስቦ የተደረገው ለአልጌ ቀለብ ይሆናል።

ትነት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ከገንዳ የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። ጨው፣ ናይትሬትና ፎስፌት ወደ ኋላ ይቀራሉ። ለስሌት ያህል 300 ሊትር የሚይዝ ገንዳ በቀን 4 ሊትር ቢተን በወር 120 ሊትር መተኪያ ይፈልጋል። የቧንቧው ውሃ በ1 ሊትር 1 ሚሊግራም ፎስፌት ካለው በወሩ መጨረሻ 120 ሚሊግራም ፎስፌት ገብቷል ማለት ነው። ለ300 ሊትር ሲካፈል በ1 ሊትር 0.4 ሚሊግራም ይሆናል። ይህም ከላይ ከተጠቀሰው የተፈጥሮ ባሕር ጣሪያ 8 እጥፍ ነው። ይህ ሁሉ እንግዲህ አንድ ቅንጣት የዓሣ ምግብ ሳይቆጠር ነው።

መፍትሔው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የተባለው የውሃ ማጣሪያ ነው። መሣሪያው ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ አሳልፎ ከሟሙት ነገሮች አብዛኛውን ያስቀራል። ከእሱ ቀጥሎ የሚገጠመው ሬዚን የቀረውን ይለቅማል። ለቤት የሚሆነው በአሜሪካ ገበያ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። ጉድለቱ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 3 ወይም 4 ሊትር ወደ ፍሳሽ መልቀቁ ነው። ይሁንና አልጌውን ከበቀለ በኋላ ከሚያሳድዱት ዕቃዎች ሁሉ ይህ ሳይበቅል የሚከለክል በመሆኑ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ዓይነት ወጪ ነው።

በድንጋይ ውስጥ የተደበቀው

ሦስተኛው በር ድንጋዩ ነው። የኮራል ገንዳ ድንጋይ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ይህ ማዕድን ፎስፌትን ወደ ራሱ ይስባል። ውሃው ፎስፌት ሲበዛበት ይይዛል፤ ውሃው ሲነጻ መልሶ ይለቃል። ሁለተኛ እጅ ድንጋይ በርካሽ የሚገዛ ሰው የቀድሞውን ባለቤት የዓመታት የምግብ ትራፊ አብሮ ሊገዛ ይችላል። ገንዳውን አጥቦ፣ አዲስ ውሃ ሞልቶ፣ ከወር በኋላ አልጌው ሲመለስ የሚገረመው ገዢ የተረከበው ንብረቱን ብቻ ሳይሆን ዕዳውንም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ባለገንዳው የመመርመሪያ ዕቃ ገዝቶ ውሃውን ሲለካ ፎስፌቱ ዜሮ፣ ናይትሬቱም ዜሮ ሆኖ ሊያገኝ ይችላል። አልጌው ግን እንደ ሣር ለምልሟል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሣሪያው የሚለካው በውሃው ውስጥ የቀረውን እንጂ አልጌው የዋጠውን አይደለም። ገንዘብ ያዡ ገቢውን በገባ ቁጥር ወደ ኪሱ ቢያስገባ ካዝናው ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ገቢ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። አልጌ ባለበት ገንዳ ዜሮ የሚል ውጤት የጤና ምስክር ወረቀት ሆኖ መወሰድ የለበትም።

አዲስ ገንዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያወጣው ቡናማ ዱቄት መሰል ሽፋን ግን ከዚህ ይለያል። ይህ ዳያተም የሚባለው ሲሆን ሲሊካ ሲያልቅበት በአብዛኛው በራሱ ይጠፋል። በዚህ ወቅት ተደናግጦ መድኃኒት የሚገዛ ሰው በራሱ ለሚሄድ እንግዳ የመሸኛ ገንዘብ የሚከፍል ይመስላል።

የወጪ በሮች

ገቢው ምንም ቢቀነስ ዓሣ መብላቱ አይቀርምና ወጪ መኖር አለበት። በ1980ዎቹ ከጀርመን ተነስቶ የተስፋፋው «የበርሊን ዘዴ» ሕያው ድንጋይን፣ ጠንካራ መብራትንና ስኪመር የተባለውን አረፋ ሠሪ መሣሪያ አጣምሮ ይጠቀማል። ስኪመሩ ውሃውን ከብዙ ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ጋር ያናውጣል። የሟሟው ቅባትና ፕሮቲን በአረፋው ላይ ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣና ጽዋው ውስጥ ይጠራቀማል። ጥቅሙ ቆሻሻው በስብሶ ናይትሬትና ፎስፌት ከመሆኑ በፊት ማውጣቱ ነው።

ውሃ መቀየርም ሌላው በር ነው። ነገር ግን ስሌቱን ማወቅ ይበጃል። በሳምንት 10 በመቶ የሚቀይር ሰው የሚያወጣው በዚያን ሰዓት ካለው 10 በመቶውን ብቻ ነው። ናይትሬቱ 40 የሆነበት ገንዳ ወደ 10 እንዲወርድ ምንም አዲስ ሳይገባ እንኳ ከ13 እስከ 14 ሳምንት ይፈልጋል። ወለድ በየጊዜው እየተደመረ እንደሚያድግ ሁሉ ይኸኛው በየጊዜው እያነሰ ይሄዳል። በችኮላ ግማሹን ውሃ በአንድ ቀን መቀየር ደግሞ የሙቀቱንና የጨዉን መጠን ካዛባ ኮራልና ዓሣውን ይጎዳል። የባሕር ውሃ በ1 ሊትር ወደ 35 ግራም ጨው ስላለው አዲሱ ውሃ በዚሁ ልክ መዘጋጀት አለበት።

የብረት ኦክሳይድ ቅንጣት ፎስፌትን አጥብቆ ስለሚይዝ በከረጢት ወይም በቱቦ ውስጥ ተደርጎ ይሸጣል። ይሠራል፤ ነገር ግን ሲሞላ መጣልና መተካት አለበት። ቋሚ ተከራይ እንጂ የአንድ ጊዜ ግዢ አይደለም።

ከሁሉም ብልህ የሚመስለው ግን አልጌን በአልጌ መቆጣጠር ነው። በዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን ተመራማሪ የነበሩት ዋልተር አዴይ አልጌን በጎን በተሠራ መረብ ላይ በጠንካራ መብራትና በሚፈስ ውሃ ሆን ብሎ አብቅሎ በየጊዜው እየፋቁ ማውጣትን አስተዋወቁ። ለዘዴውም እ.ኤ.አ. በ1982 የፈጠራ መብት አገኙ። በ1991 ከካረን ላቭላንድ ጋር ባሳተሙት መጽሐፍም በሰፊው አብራርተውታል። ዛሬ ብዙዎች ኬቶሞርፋ የተባለውን የሽቦ ጥቅል የመሰለ አልጌ ከዋናው ገንዳ ሥር ባለ ሌላ ሣጥን ውስጥ ያበቅላሉ። መብራቱንም በሌሊት ያበሩለታል። አልጌው እዚያ ይበላል፤ ባለቤቱ አጭዶ ያወጣል። ልብ መባል ያለበት ግን ያልታጨደ አልጌ ያልወጣ ገንዘብ መሆኑ ነው። ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ ከቤት የሚወጣው አልጌው ሲጣል ብቻ ነው።

ቅጥር ሠራተኞች

አልጌ የሚግጡ እንስሳት ሌላ ትልቅ ገበያ ናቸው። ቀንድ አውጣ፣ ሸርጣን፣ የባሕር ጃርትና ታንግ የተባለው ዓሣ በዚህ ሥራ ይታወቃሉ። ሆኖም እንስሳ አልጌውን ወደ ኩስ ይለውጠዋል እንጂ ከገንዳው አያወጣውም። ስለዚህ ከስኪመርና ከውሃ ቅያሪ ጋር ካልተጣመረ ሠራተኛው ቆሻሻውን ከአንድ ጥግ ወደ ሌላ ጥግ ያዛወረ ያህል ነው።

ምርጫውም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ማርጋሪታ በሚል ስም የሚሸጠው ቀንድ አውጣ ትውልዱ ከሰሜን ፓሲፊክ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። በ25 ወይም 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ የኮራል ገንዳ ዕድሜው ያጥራል። ሲሞትም ሬሳው ራሱ ማዳበሪያ ይሆናል። ትሮከስ የተባለው ግን የሞቃት ባሕር ፍጡር ስለሆነ ይስማማዋል፤ በገንዳ ውስጥም ሊራባ ይችላል። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም፤ ልዩነቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው።

ታንግን በተመለከተ የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ተወላጅ የሆነው ሐምራዊ ታንግ በዓለም ገበያ ከሚከበሩት አንዱ ነው። ባለ ሸራ ክንፉ የቀይ ባሕር ዘመዱ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ስለሚያድግ ለትንሽ ገንዳ አይሆንም። የሃዋይ ቢጫ ታንግ ለብዙ ዓመታት በርካሽ የሚገኝ አልጌ ጋጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የሃዋይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ሳይደረግ የማስገር ፈቃድ መሰጠቱን በመቃወም ከወሰነ በኋላ አቅርቦቱ ጠበበ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የአንዱ ዓሣ ዋጋ ከአሥሮች ወደ መቶዎች ዶላር ዘለለ። በዚያው በሃዋይ ያለ የምርምር ተቋም በ2015 ዓሣውን በሰው እጅ ማራባት ችሎ ስለነበር ክፍተቱን የተራቡት ዓሦች በከፊል ሸፈኑት። በአልጌ ጋጭ ዓሣ ብቻ የተማመነ ባለገንዳ በሌላ አገር ፍርድ ቤት ውሳኔ ዋጋው የሚናወጥ ሸቀጥ ላይ መመካቱን ያን ጊዜ ተረዳ።

ዜሮ ትርፍ አይደለም

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ናይትሬትንና ፎስፌትን ጨርሶ ለማጥፋት ቢነሳ አይፈረድበትም። ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ኮራልም ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይፈልጋል። ሁለቱም ዜሮ በሆኑበት ገንዳ ኮራሉ ይገረጣል። ዳይኖፍላጀሌት የተባሉ ቡናማና አረፋ ያዘለ ንፍጥ የሚመስሉ ጥቃቅን ፍጥረታትም ባዶውን ቦታ ይይዛሉ። ከእነዚህ መካከል መርዛማ የሆኑና የሚግጧቸውን ቀንድ አውጣዎች የሚገድሉ አሉ። ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ፎስፌትን በ1 ሊትር ከ0.02 እስከ 0.1 ሚሊግራም፣ ናይትሬትንም ከ10 በታች ሆኖ ዜሮ ሳይገባ ማቆየትን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

መድኃኒትም ቢሆን ቦታ የለውም ማለት አይደለም። ብራዮፕሲስ የተባለውን ላባ መሰል ግትር አልጌ ፍሉኮናዞል በተባለው የፈንገስ መድኃኒት የሚያጠፉ አሉ። ቀይ ንፍጥ የሚመስለው ሳያኖባክቴሪያ በትክክለኛው አነጋገር አልጌ ሳይሆን ባክቴሪያ ስለሆነ በኤሪትሮማይሲን ይሞታል። አደጋው ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፀረ ባክቴሪያው አሞኒያን የሚለውጡትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ የሞተ ብዙ አልጌ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል፤ የዋጠውንም ማዳበሪያ መልሶ ይተፋል። ዕዳው ተከፋይ ሳይሆን ባለዕዳው ብቻ ተለወጠ ማለት ነው።

ከሳሎን እስከ ባሕር

የአልጌ ሂሳብ በመስታወቱ ውስጥ ተወስኖ አይቀርም። ካውለርፓ ታክሲፎሊያ የተባለ ውብ አረንጓዴ አልጌ ለገንዳ ማስዋቢያ ሲለማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም ሥር ባለው የሜዲትራኒያን ባሕር ወለል ላይ 1 ካሬ ሜትር ያህል ሆኖ ታየ። የኒስ ዩኒቨርሲቲው አሌክሳንደር ሜኔዝ ደጋግመው ቢያስጠነቅቁም ፈጥኖ እርምጃ የወሰደ አልነበረም። አልጌው ከጊዜ በኋላ በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር የባሕር ወለል ደረሰ፤ በርካታ አገሮችንም አዳረሰ።

በሰኔ 2000 ያው አልጌ በካሊፎርኒያ ካርልስባድ ከተማ ባለ ሐይቅ መሰል የባሕር ክንድ ውስጥ ተገኘ። የተገመተው ምንጭ ወደ ፍሳሽ የተደፋ የቤት ገንዳ ውሃ ነው። የዚያን ጊዜው ውሳኔ ፈጣን ነበር። አልጌው በሸራ ተሸፍኖ ክሎሪን ተጨመረበት። በ2006 ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ እስኪታወጅ ድረስ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። የግዛቲቱ ምክር ቤትም በ2001 የዘጠኝ የካውለርፓ ዝርያዎችን መሸጥ፣ ማጓጓዝና መያዝ የሚከለክል ሕግ አውጥቷል። ስለዚህ ከገንዳ የታጨደ አልጌ የሚጣለው በደረቅ ቆሻሻ ውስጥ እንጂ በፍሳሽ ቱቦ፣ በወንዝ ወይም በባሕር አይደለም።

የገዢና የሻጭ ጥቅም

ከላይ የተዘረዘረው ሲጠቃለል ገንዘብ የሚወጣበት ቅደም ተከተል ይታያል። በቅድሚያ የውሃ ማጣሪያ፣ ቀጥሎ ለገንዳው መጠን የሚበቃ ስኪመር፣ ከዚያ አልጌ የሚታጨድበት ሣጥን፣ በመጨረሻም ጥቂት የሞቃት ባሕር ቀንድ አውጣዎች። ጠርሙሱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም የአልጌው ዓይነት ከታወቀ ብቻ።

ለሻጩም ቢሆን ሂሳቡ ያው ነው። ጠርሙስ የሸጠ ባለሱቅ የዛሬውን ትርፍ ያገኛል። ነገር ግን ገንዳው አረንጓዴ የሆነበት ደንበኛ በስድስተኛው ወር ዕቃውን በሁለተኛ እጅ ገበያ አውጥቶ ይሸጥና ወደ ሱቁ አይመለስም። ማጣሪያውን በመጀመሪያው ቀን ያስገዛ ባለሱቅ ግን የጨው፣ የምግብ፣ የሬዚንና የኮራል ደንበኛ ለዓመታት ይዞ ይቆያል። በዚህ ገበያ ገንዳው ጥርት ብሎ የቆየለት ደንበኛ ነው ደጋግሞ የሚገዛው።